ማስተካከያ፦ ውሃ ለሚያቁር የጓሮ ጥግ ስለሚመረጥ ሐረግ

ክረምት ውሃ በሚያቁር የአጥር ጥግ ምን ዓይነት ሐረግ ይተከል ለሚለው ጥያቄ ቀደም ሲል በሰጠሁት ምላሽ «ቡገንቪሊያ የትም ይበቅላል» ብዬ መጻፌ ስሕተት ስለሆነ፣ በዚህ እንዲታረም አንባቢያንን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቡገንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ፀሐይና ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ አፈር የሚወድ ተክል ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በረጠበ ጥቁር አፈር ውስጥ ከቆየ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከአሸንዳ ሥር የተተከለ አንድ ቡገንቪሊያ ነቅዬ ስመለከት፣ የሥሩ ልጥ በጣቶቼ መካከል እንደ ረጠበ ወረቀት ተገፈፈ፤ ቅጠሉ ግን የጠማው መስሎ ጠውልጎ ስለነበር ባለቤቱ ይበልጥ ያጠጣው ነበር።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ ለእርጥብና ከፊል ጥላ ላለበት ቦታ የምመርጠው በደኖቻችን ጠርዝ በተፈጥሮ የሚበቅለውንና ነጭ አበባው የሚያውደውን ጠምበለልን ነው። አዞ ሐረግም ይስማማዋል፤ ሆኖም ትኩስ ጭማቂው ቆዳ ስለሚያቆስል ሲገረዝ ጓንት ያስፈልጋል፣ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታም ባይተከል ይሻላል።

እርጥበትና የቆመ ውሃ ግን አንድ አይደሉም። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፤ በማግስቱም ካልሰረገ፣ ማንኛውንም ሐረግ ከመትከል በፊት ቦይ መቅደድ ወይም አፈሩን በመደብ ከፍ ማድረግ ይገባል። በእኔ ምክር ቡገንቪሊያ የተከላችሁ፣ ጤነኛ ከሆነው ግንድ ቁራጭ ወስዳችሁ ፀሐይ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ልታጸድቁት ትችላላችሁ።