ከዓይን ያውጣት

የጎንደርን ግንቦች ያጎሳቆላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ሰዎች ዝናቡን፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሥር የሚሰድደውን ቁጥቋጦ፣ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያንን ለማስለቀቅ የተጣለውን የእንግሊዝ ቦምብ ይቆጥራሉ። ዓይንን የሚቆጥር ግን አልሰማሁም። ያማረ ሕፃን ስናይ እንትፍ እንትፍ የምንል፣ ለሰባ በሬ እንኳ "ከዓይን ያውጣው" የምንል ሰዎች፣ አፄ ፋሲል ከቆረቆሯት ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አላፊ አግዳሚው ሲያያት የኖረችን ከተማ ያለ ክታብ ትተናታል። ደግነቱ በዚህ ዘመን ተከላካይ አላጣችም። ከባሕር ማዶ ለእረፍት የሚመጡልን ዘመዶቻችንና እነሱን ለማስጎብኘት ወገባችንን ታጥቀን የምንነሣው እኛ፣ ሳያዩ የመጎብኘትን ጥበብ ከፍጻሜ አድርሰነዋል። እስከ ዛሬ ያመሰገነን የለም፤ እኔ ላመስግን።

ወቅቱ ይታወቃል። ታኅሣሥ ሲጋመስ የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በትልልቅ ሻንጣዎች ይሞላል። በሰው አገር በረዶ ሲጠርግ የከረመ ወገናችን ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰማይ ያቀናና "እፎይ፣ ፀሐይ!" ይላል። ከፀሐይዋ ጋር ያላቸው ወዳጅነት እዚያው ደረጃ ላይ ያበቃል። በማግስቱ ባርኔጣው፣ ጥቁር መነጽሩ፣ ቆዳ ላይ የሚቀባው ቅባት ይደረደራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይዋ እንደምታቃጥል፣ እዚሁ ተወልደን ለጠቆርነው ለእኛ፣ በትዕግሥት ያስረዳናል። ከዚያ ወዲያ እስኪመለስ ድረስ ጥላ እየፈለገ ይውላል።

ጉብኝቱ ለጠዋቱ 1 ሰዓት ይቀጠራል። ሚኒባሱ በሰዓቱ ከደጅ ይቆማል፤ ሹፌሩ ግን ልምድ ያለው ስለሆነ መቀመጫውን ለጥጦ ይተኛል። ማራኪ ያሉት አክስት ካልታዩ ይቀየማሉ። አክስት ቤት ደግሞ አቦል ጠጥቶ ብድግ ማለት ነውር ስለሆነ ቶናው ይጠበቃል፤ በረካውን ጥሎ መሄድማ በረከት መግፋት ነው። ሳሙና በር የታመሙ አጎት አሉ። የታመመ ሰው በባዶ እጅ ስለማይጠየቅ ብርቱካን ፍለጋ ፒያሳ ይወረዳል። በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ፖስታ ቤቱና ሲኒማው በመስኮቱ ያልፋሉ፤ ማንም ቀና አይልም፤ ሁሉም ብርቱካን እያየ ነው። እንዲህ እየተባለ ፋሲል ግቢ በር ላይ ሲደረስ ቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ሆድ መጮህ ጀምሯል። ቅርስን ላለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይገኛል?

የመግቢያው መስኮት ጋ የሚካሄደው ክርክር ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ከአገሬው ይበልጣል። እንግዳችን ደግሞ ቢጫ ካርዱን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ ሆቴል ረስቶታል።

"ጋሼ፣ መታወቂያ ይዘዋል?" ትለዋለች ቲኬት ቆራጯ በትሕትና።

"ለፋሲል ግንብ መታወቂያ የምጠየቅ ሰው ነኝ? እዚህ አጥር ሥር ኳስ ስንራገጥ ነው ያደግነው!"

"ገብቶኛል ጋሼ፣ ግን ደንቡ . . ."

"ቆይ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

ይህ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ ደንብ የሚባል ነገር የለም። ትውልድ ይቆጠራል፣ ሰፈር ይጠራል፣ በመጨረሻ የልጅቷ አያት የእንግዳችን እናት የጡት ልጅ የነበሩ ሆነው ይገኛሉ። በእንግሊዝኛ ሲፈታ የሰነበተው ምላስ ለዚያች ሩብ ሰዓት ንጹሕ ጎንደሬ ይሆናል። ረትቶ ይገባል። ሲወጣ የረታበትን ገንዘብ እጥፍ ለባጃጅ ሹፌር ጉርሻ ይሰጠዋል። የዜግነት ጥያቄ ስለነበር ነው እንጂ ገንዘቡማ ምን ሊያደርግለት! በዚህ አገር ዜጋ ለመባል ሰው እንዲህ ሲሟገት ከዚያ መስኮት በቀር የትም አላጋጠመኝም።

ውስጥ ከተገባ በኋላ ሥራው ይቀላል። ፎቶ መነሣት ማለት ለግንቡ ጀርባ መስጠት ስለሆነ፣ ብዙ የተነሣ ሰው ምንም ሳያይ ይወጣል። አስጎብኚው "ይህ የአፄ ፋሲል፣ ያ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ይህ የታላቁ ኢያሱ፣ ወዲያ የዳዊት የመዝፈኛ አዳራሽ፣ ከዚያ የበካፋ፣ ከዚያም የእቴጌ ምንትዋብ" እያለ ሲያስረዳ የሚሰማው አንድ ሕፃን ነው፤ እሱም ስልክ ስላልተሰጠው ነው። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ መስታወቱ ባይኖርም ሁሉም የየራሱን በኪሱ ይዞ ስለሚመጣ ጉድለቱ አይታወቅም። እንግዳችን ጣራው ወደተናደው አዳራሽ ይገባል፣ ክንዱን ዘርግቶ ፊቱን ያያል፣ ጢሙን ያስተካክላል፣ ይወጣል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ነገሩ ትንሽ ያስቸግራል። እዚያ ጣሪያው ራሱ ዓይን ነው፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ያፈጣሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ይህን ደብር የንብ መንጋ ወጥቶ አስጣለው ይባላል። ንብ የዛሬውን ጎብኚ እንደማያስቆመው ታውቆ ይመስለኛል፣ አሁን የካሜራ ብልጭታ ክልክል ነው። ክልከላው ከንቡ ይበልጥ ሠርቷል። ፎቶው ጨለማ እንደሚሆን ሲሰማ ሠላሳ ሰው ጫማውን ሳያስር ይወጣል።

የጥበቡ ቁንጮ ግን ኮሶዬ ነው። ወሬው ሁልጊዜ ስሜን ተራሮች ነው፤ ያ ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት ቦታዎች አንዱ ስለሆነ የማያውቀው የለም። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን እንኳ ግን ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሥጋው ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ኮሶዬ ላይ ይቆማል። ያ ገደል አፉን ከፍቶ ቆላውን እስከ አድማስ ያሳያል፤ ተራራው ከተራራ ጀርባ እየሰማየ ይሄዳል። የእኛ ሰው የፕላስቲክ ወንበር ያወጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "ውይ ነፋሱ! ወንበሬን አዙሩልኝ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ሲያዞር ሁሉም ያዞራል። ጀርባ ወደ ገደሉ፣ ፊት ወደ ምጣዱ። ጥብሱ ሲንጫጫ ውይይት ይደራል፤ ርእሱም የዚያ አገር የቤት ኪራይ፣ የዚያ አገር ግብር፣ የዚያ አገር መንገድ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ወንድ፣ ደረቱ ቀይ፣ ጋማው በነፋስ የሚበተን፣ ፊቱን ወደ ቆላው አድርጎ ረጅም ሰዓት ሲመለከት አይቻለሁ። ከቡድናችን አንዱ "ምን ያያል ይሄ?" ብሎ አጥንት ወረወረለት። ጭላዳ ሣር በል መሆኑን የነገረው የለም።

ይህን ጥበባችንን የማይቀበሉ ጥቂት ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መጥቶ እዚሁ የሚኖር አንድ ፈረንጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሩ ወደ ቁስቋም ይወጣል። እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ፊት ቆሞ አንድ ግድግዳ ላይ ይፈዛል፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን መስቀል በጣቱ ይከተላል፤ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ደብተሩን ዘግቶ እንደገና ያያል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ አዘነለት፤ "ምስኪን፣ መኪና የለውም እኮ" አለ። በኋላ ግን ነገሩ ሲደጋገም ተጠራጠረ። አሁን የተደረሰበት ስምምነት የተቀበረ ወርቅ እየፈለገ ነው የሚል ነው። ጤነኛ ሰው ያለ ምክንያት አንድን ነገር ያን ያህል ያያል?

ከሁሉም በላይ የማደንቃቸው ግን አንድ ሽማግሌ እንግዳችንን ነው። በደርግ ዘመን፣ በወጣትነታቸው፣ ከጎንደር ወደ መተማ በእግራቸው የወጡ ናቸው፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀን ጫካ ተኝተው፣ ሌሊት እየተጓዙ። ዛሬ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ግንቡ በር ያለችውን መንገድ ባጃጅ ካልመጣ አይንቀሳቀሱም፤ ዕድሜ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ማታ ከእራት በኋላ ታሪኩን ሲጀምሩ ግን ሰውዬው ሌላ ይሆናሉ። ገንዳ ውሃን እንዴት ዞረው እንዳለፉ፣ የጓንግ ወንዝ ውሃ እስከ የት እንደደረሳቸው፣ የሱዳን ውሾች ከየትኛው አቅጣጫ እንደጮኹ፣ ጋላባት ላይ መጀመሪያ ውሃ የሰጣቸው ሰው ቆርቆሮ ጣሳው እንዴት እንደተጨማደደ ይናገራሉ። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ምድር በድቅድቅ ጨለማ ነው የረገጡት፤ ክብሪት መጫር እንኳ ሞት ነበር። ቤተ ዘመዱ "ወይ ጉድ" እያለ ያዳምጣል፤ ማለትም ስልኩን እየነካካ አንገቱን ይነቀንቃል። በሙሉ ቀን፣ በዚያች ሁሉ ፀሐይ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ስንዞር ከዋልነው አንዳችን አንድ በር እንኳ እንዲህ አድርገን መናገር አንችልም። እንግዲህ እሳቸው ፈርተው ስለነበር ይሆናል።

ጥምቀት አለፈ፤ የፋሲል መዋኛ ደረቀ፤ እንግዶቹም ተመለሱ። ባለፈው ሳምንት ከመካከላቸው አንዱ ከዚያው ከሚኖርበት አገር ስድስት ፎቶ ላከልን። ፎቶዎቹን ለወዳጆቹ ማሳየት ፈልጎ "የትኛው የማን ግንብ ነበር?" ሲል ጠየቀ። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ሁላችንም ጎንደር የተወለድን፣ ሁላችንም በዚያ አጥር ሥር ያደግን ነን። ፎቶዎቹን ተቀባበልን፣ አጎላናቸው፣ ገለበጥናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የእንግዳችን ፊት ግንቡን ጋርዶታል። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሜ፣ በሙሉ እምነት፣ ለሁላችንም መልሱን ጻፈለት፦

"ሁሉም ፋሲል ነው።"