አደባባይ ላይ የተጣደች ጀበና

ከተማችን አንድ አደባባይ አላት። አደባባይ የምንለው ለክብሯ ስንል ነው እንጂ፣ ሦስት መንገዶች ተገናኝተው ባጃጆች ቅድሚያ የሚከላከሉበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ አንድ የሲሚንቶ መደብ አለ። በደርግ ጊዜ ቀይ ኮከብ ቆሞበት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ኮከቡ ወረደ፣ መደቡ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቦታውን የያዙት የአንዲት ጎረቤታችን ፍየሎች ናቸው፤ አንዷ ስትታረድ ሌላዋ ትተካለች። በከተማችን ያለ ግርግር የሚካሄድ የሥልጣን ሽግግር ይኸው ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የእድር ስብሰባ ሊያልቅ ሲል፣ "ልዩ ልዩ" በሚለው አጀንዳ ሥር ነው። በአገራችን ጣጣ ሁሉ የሚወለደው እዚያ ሥር ነው። አንድ አባል ተነሥተው፣ "ጅማ ሄጄ ነበር" አሉ። ዝም አልን። "ጅማ አደባባይዋ ላይ ትልቅ ጀበና አላት። እኛስ ምን አለን?"

"ፍየል" አለ አንድ ወጣት ከኋላ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሐውልት አሠሪ ኮሚቴ ተመረጠ። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሹም፣ ተቆጣጣሪ፣ ሌላም ሌላም። ቅርጽ መሥራት የሚችል ሰው ብቻ አልነበረበትም። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ብቃቴም በዕለቱ እስክርቢቶ መያዜ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስብሰባዎች ያለቁት በአንበሳ ነው። ጡረታ የወጡ የሃምሳ አለቃ፣ "አንበሳ ካልሆነ ስሜን ሰርዙ" አሉ። የታሪክ መምህሩ ደገፏቸው። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው የጆርጅ ጋርዴ ሥራ መሆኑን፣ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ መቆሙን፣ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ መመለሱን ተረኩልን። ገንዘብ ያዡ በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ "የእኛ ግንበኛ የሚሠራውን ማንም ስለማይወስደው ያ ስጋት የለብንም" አሉ።

ስለ ግንበኛው ያወሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ግንበኛችን ከዚህ በፊት ለአንድ አልጋ ቤት በር አንበሳ ሠርቷል። እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ይህ በግ አፉን የከፈተው ምን ሆኖ ነው?" እያለ ይጠይቃል። መምህሩ ግን አልተሸነፉም። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመው የሞሪስ ካልካ አንበሳም ማዕዘን በማዕዘን ነው፣ ሰው ግን ጥበብ ነው ብሎ ተቀብሎታል ብለው ተከራከሩ። ሰብሳቢው፣ "ልዩነቱ" አሉ፣ "ሰውየው አንበሳ ማሳመር እየቻለ ነው ማዕዘን ያበዛው።" ይህን በቃለ ጉባኤ አላሰፈርኩም፤ ግንበኛው የእህቴ ባል ነው።

የሰው ሐውልት ይሁን ያለም ነበር። እዚህ ላይ ሁሉም ሌኒንን አስታወሰ። አዲስ አበባ ላይ በ1976 ዓ.ም. ቆመ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ። እርምጃውን ወደ ቦሌ አቅጣጫ አድርጎ ስለቆመ፣ ለመንግሥቱ ኃይለ ማርያም የመሸሻ መንገዱን ያሳየው እሱ ነው እያለ ሕዝቡ ቀልዶበታል። ነገሩን የቋጩት አንዲት ዝምተኛ የኮሚቴ አባል ናቸው። "ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል" አሉ። "ጀበና ግን ብትወርድም ተመልሳ ትጣዳለች።" አጨበጨብን። ጀበና ጸደቀች።

የጸደቀች መስሎን ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ጡት ያላት ትሁን ወይስ የሌላት የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዱ ወገን በአያቱ ቤት ጡት ያላት ጀበና አይቶ አያውቅም፤ በአንገቷ ነው የምትቀዳው። ሌላው ወገን ደግሞ ጡት የሌላት ጀበና እንስራ ናት ባይ ነው። ባልና ሚስት ሳይቀሩ የተኮራረፉበት ጉዳይ ነው። በመጨረሻ ጡት ይኑራት፣ ነገር ግን አጭር ይሁን ተብሎ በስምምነት ተወሰነ። ስምምነት ማለት ሁለቱም ወገን እኩል የሚያዝንበት ውሳኔ ነው።

መዋጮው ተጀመረ። ከተሜው በጥሬ ገንዘብ ቆጣቢ፣ በዓይነት ግን ለጋስ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ከቤቱ ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ ፌሮ አመጣ። ሌላው ግማሹ የደረቀ ሲሚንቶ። አንድ ነጋዴ ጎኑ የተሰነጠቀ ባለ 2,000 ሊትር የውሃ ታንከር በባጃጅ አስጎትቶ አመጣና፣ "ለሆዷ ይሆናል" አለ። ሆነም። ስንጥቁ ተደፍኖ፣ ዙሪያውን ፌሮና ሽቦ ታስሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ የጀበናችን ሆድ ተባለ። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ጥቁሩ ወገቧ ላይ አለቀ። ከወገቧ በላይ በትምህርት ቤት በር አረንጓዴ ተቀባች።

(ሐረር ሄዳችሁ እንደሆነ፣ የጀጎል ሴቶች ረመዳን ሲቃረብ የየቤታቸውን ግድግዳ ቀለም ያድሳሉ። ያንን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል። ኮሚቴ እንዳላቸው ጠይቄ ነበር። የጠየቅኳት ሴት ብሩሿን እንደያዘች ሳቀችብኝ።)

ግንበኛው ሲሠራ ከተማው ሙሉ ዙሪያውን ቆሞ ያርመው ነበር። "ቀኙ ወፈረ"፣ "ግራው ሰመጠ"፣ "እጀታው የት አለ?" ምስኪኑ የሰማውን ሁሉ ስለሚያስተካክል ጀበናዋ ጠዋትና ማታ ትለያይ ነበር። አንገቷ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ነገር አየሁ። ግራሩ ሥር ቡና የሚያፈሉት እናት ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ አጣፍተው መጡ።

"ልጄ፣ አንገት እንዲህ አይሠራም" አሉት።

"እትዬ፣ ሲሚንቶ እኮ ነው፤ እጅዎን ይበላዎታል።"

"ሠላሳ ዓመት ፍም የበላውን እጅ ሲሚንቶ ምን ያደርገዋል!" አሉና ወንበሩ ላይ ወጥተው እርጥቡን ልስን በመዳፋቸው ያዙት። ከታች ወደ ላይ፣ ዕቃ አጥበው እንደሚያደርቁ፣ ቀስ እያሉ አዞሩት። ማንም ምክር አልሰጣቸውም። ሲወርዱ አንገቷ ቀጥ ብሎ ከላይ ሰፋ አለ። ከጀበናዋ ሁሉ ጀበና የሚመስለው ያ አንገት ብቻ ነው። ከእጀታው በላይ የአራት ጣቶቻቸው ፈለግ ዛሬም አለ፤ አረንጓዴው ቀለም አልሸፈነውም።

የስም ሰሌዳው ሌላ ታሪክ ነው። ያዋጣ ሁሉ ስሙ ይጻፍ ተባለ። ሲሚንቶ የሰጡ፣ ፌሮ የሰጡ፣ ጉልበት የሰጡ፣ ቀጥሎም "በሐሳብ የደገፉ" የሚል ክፍል መጣ። በዚህኛው ውስጥ ሲሠራ ቆመው ያረሙት ሁሉ ገቡ። እብነ በረዱ አንድ ነበር፣ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ተደራርቦ ሲቆም ከጀበናዋ በክንድ በለጠ። ከአውቶቡስ የሚወርድ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ሰሌዳውን ስለሆነ፣ የሰማዕታት መታሰቢያ መስሎት ባርኔጣውን ያወልቃል። በሐሳብ ከደገፉት መካከል ስማቸውን የዘለልኩባቸው አንድ ሰው እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልሱም። የቡና አፍይዋን ስም ማንም አላስታወሰም። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እኔም።

በምርቃቱ ቀን ክቡር እንግዳው መጋረጃውን ሲስቡት ጨርቁ አጭሯ ጡት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በመጥረጊያ እንጨት ወረደ። እንግዳው ቀና ብለው አዩና፣ "ታዲያ ቡናው የታለ?" አሉ። ሰው ሳቀ፤ ኮሚቴያችን ግን ቀልድ አያውቅም። በሳምንቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ከጡቷ ውሃ እንዲፈስ፣ ማታ ማታም መብራት እንዲበራላት ተወሰነ። መብራቱ አልተሳካም። ቧንቧው ግን ተዘረጋ፤ ሆዷ ታንከር መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመ።

ችግሩ በከተማችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። የማትተኛው ጀበናዋ ብቻ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ትሞላለች፣ ሲነጋ መቅዳት ትጀምራለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። በሁለተኛው ሳምንት ሰልፉ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሰ። 2,000 ሊትር ማለት በባለ 20 ሊትር ጀሪካን መቶ ነው፤ መቶ አንደኛው ሰው ሐውልት አይቶ ይመለሳል።

ኮሚቴው ተቆጣ። "የጥበብ ሥራ ቦኖ አይደለም!" አሉ ሰብሳቢው ጠረጴዛ እየመቱ። ከጀበናዋ ውሃ መቅዳት ክልክል መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውን በእጄ ጽፌ ሁላችንም ፈረምን። በማግስቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጀሪካኔን ይዤ ስወጣ ሰብሳቢው ከፊቴ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ሁለት ጀሪካን ይዘዋል።

"ለቁጥጥር ነው" አሉኝ።

"እኔም ቃለ ጉባኤ ልይዝ ነው" አልኳቸው።

ሰልፉ አሁን የራሱ ሥርዓት አለው። ውሃው በኃይል የሚወርድበት የመጀመሪያው ዙር አቦል ይባላል፤ ለእሱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መነሣት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ቶና። ታንከሩ ሊያልቅ ሲል እንደ ክር እየቀጠነ የሚንጠባጠበው በረካ ነው። ፍየሏ ወደ መደቡ ተመልሳለች። ከሰሌዳው ጥላ ሥር ተኝታ የሚፈሰውን ትጠጣለች፤ ስሟ ግን አልተጻፈም።

ባለፈው ዓርብ ተረኛዋ የቡና አፍይዋ ነበሩ፤ እኔ ከኋላቸው። ጀሪካናቸው ሞላ። ክዳኑን ሲያጠብቁ ቀና ብለው አንገቷን አዩ፣ እኔም የጣቶቹን ፈለግ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣

"ጸሐፊው፣ በረካ ላይ ደረሱ" አሉኝ። "እንግዲህ ቆመው ይጠብቁ፤ ጡቷን አጭር ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።"