በድሬዳዋ የሙቀት ወራት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለንባብ ይሰጥ?

የክርክሩ ነጥብ ይህ ነው፦ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የከሰዓት ፈረቃ በሳምንት ያሉት ሁለት የስፖርት ክፍለ ጊዜያት (እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ) ወደ ቤተ መጻሕፍት ይዛወሩ። ሐሳቡን የሚደግፉት የቤተ መጻሕፍት መምህርት ናቸው። የሚቃወሙት ደግሞ የስፖርት መምህር ናቸው።

መምህርት

ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤት ሜዳ የረገጠ ሰው መሬቱ በነጠላ ጫማ በኩል ሲፋጅ ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት ለስፖርት የወጣ ክፍል ምን ያደርጋል? አሥር አሥራ አምስቱ ኳስ ያባርራሉ፤ የቀሩት የግድግዳ ጥላ ሥር ተደርድረው ደወል ይጠብቃሉ። ይህ ጊዜ ለንባብ ቢውል ምን እንደሚያስገኝ በቁጥር ላሳይ።

ቤተ መጻሕፍት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። 60 ልጅ ተሰልፎ ገብቶ እስኪቀመጥ 8 ደቂቃ፣ መጽሐፍ እስኪመርጥ 7 ደቂቃ፣ መልሶ እስኪወጣ 5 ደቂቃ ይሄዳል። የሚቀረው 20 ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ ለመስማት 1 ደቂቃ ብቻ ብንሰጥ 20 ልጅ ሰማን። ያ ልጅ እንደገና ተራው የሚደርሰው በ3 ሳምንቱ ነው፤ እስከዚያ የተሳሳተውን እየደጋገመ ያጠናዋል። ሁለቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜያት ቢጨመሩልን 60ውንም በሳምንት አንድ ጊዜ እንሰማለን።

ጮክ ብሎ ማንበብ ለምን እንዳስፈለገ ልናገር፤ ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም። «ዶሮው ይበላል» የሚለውን ልጁ አላልቶ ካነበበው ዶሮው እየበላ ነው፤ አጥብቆ ካነበበው ዶሮው ራሱ ሊበላ ነው። ልጁ የትኛውን እንደተረዳ ዝም ብሎ መጽሐፍ ላይ ሲያፈጥ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ድምፁን መስማት ያስፈልጋል።

ፍጥነቱም ትልቅ ነገር ነው። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «አህመድ ትናንት ከታላቅ እህቱ ጋር ገበያ ሄዶ የገዛውን ቀይ ኳስ ለጓደኛው ሰጠ» የሚለው 12 ቃል ነው። በደቂቃ 15 ቃል የሚያነብ ልጅ «ሰጠ» ላይ ለመድረስ 48 ሰከንድ ይፈጅበታል። እዚያ ሲደርስ አህመድ ከአእምሮው ወጥቷል። ፊደሉን ሁሉ በትክክል ጠርቶ ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ የሚያፈጠው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

መምህር

የልጁን ድምፅ መስማት ያሻል ያሉት ልክ ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ጥያቄዬ ጊዜው ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ደግሞም የገለጹት ስፖርት አይደለም። ለ60 ልጅ አንድ ኳስ ወርውሮ መቆም የአሠራር ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱ አሠራሩን ማረም እንጂ ትምህርቱን ማጥፋት አይደለም።

ክፍሉን በ10 በ10 አድርጎ ስድስት ቡድን መክፈል፣ ስድስት ቦታ ማዘጋጀት ነው፦ ገመድ ዝላይ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የጨርቅ ኳስ መቀባበል፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ የ15 ሜትር ዱላ ቅብብል። በእያንዳንዱ ቦታ 4 ደቂቃ፣ ለመቀያየር 1 ደቂቃ፤ ጠቅላላ 30 ደቂቃ። ቀሪው 5 ደቂቃ ለማሟሟቂያ፣ 5 ደቂቃ ለውኃ። ከስድስቱ ፀሐይ ላይ የሚወጣው ቅብብሉ ብቻ ነው፤ ሌላው በኒም ዛፍ ሥር ይሠራል። ማንም ልጅ ተራ ሲጠብቅ አይውልም።

ሙቀቱን ችላ አልልም። ከመጀመራቸው በፊትና መሐል ላይ ልጆቹ መጠጣት አለባቸው፤ በአንድ ጊዜ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲሶ ያህል ይበቃል። ልጅ ጨዋታ ከሚያልፈው ሕመሙን ይደብቃልና መምህሩ ራሱ ማየት አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እግር መክበድ ከታየ ወዲያው ጥላ ሥር አስቀምጦ ውኃ ፉት እንዲል ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከባዱን ምልክት በመጠበቅ ላይ ነው፤ ቆዳው ካልደረቀ ሙቀት አልመታውም ይላሉ። እየሮጠ የተመታ ልጅ ላቡ እየወረደም አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ዋናው ምልክት መቃዠቱ ነው፤ የተጠየቀውን ካልመለሰ፣ ከተንገዳገደ ምንም አታጠጡት። ልብሱን አላልታችሁ ሰውነቱን በሙሉ በውኃ አርሱ፣ አንገቱንና ብብቱን አትርሱ፣ አራግቡለት፣ አንድ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መኪና ይፈልግ።

አሁን ልጠይቅዎ መምህርት። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ሥር 60 ልጅ በ8 ሰዓት ሲታጎር ቦታው ከኒም ጥላ ይቀዘቅዛል ብለው ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። ወንዱ ከትምህርት መልስ ሰፈር ውስጥ ኳሱን ያገኛል። ሴቷ ልጅ ግን ቤት ስትገባ ውኃ መቅዳት፣ ታናናሾቿን መያዝ ይጠብቃታል። ለብዙዎቹ እንደ ልብ የሚሮጡበት ሰዓት ይኸው የትምህርት ቤቱ 40 ደቂቃ ነው። እሱን ከወሰድንባት የምንወስደው ያላትን ሁሉ ነው።

መምህርት

የሴቶቹን ነገር ስላነሱት አመሰግናለሁ፤ እኔም ያሳስበኛል። ጣራውንም አምናለሁ። ግን እያንዳንዱ ግቢ ኒም የለውም። ጥላ ሲጠፋ ደግሞ ልጆቹን ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይዞ መውረድ ይመጣል። ይህን በጭራሽ ልንፈቅድ አይገባም። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው በዘነበው ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ሊወርድ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ይህች ከተማ አትረሳውም። ሚያዝያም በልግ ነው።

ሐሳቤ ለድሬዳዋ እንጂ ለሐረር አለመሆኑንም ልብ ይበሉልኝ። ሐረር ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ እዚያ በ8 ሰዓት መሮጥ ይቻላል።

ጣራው ቢያስቸግር መጽሐፉ ይውጣ። 60 መጽሐፍ የሚይዝ ክዳን ያለው ሣጥን፣ ሁለት ልጅ ተጋግዞ የሚያነሳው፣ ጥላ ወዳለበት ይሄዳል። መጻሕፍቱ ጀርባቸው ላይ በሦስት ቀለም ወረቀት ይለጠፍባቸው፤ በገጽ አንድ ሁለት መስመር ያለው አረንጓዴ፣ አንድ አንቀጽ ያለው ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ። ልጁ ሲመርጥ አንድ ገጽ ገልጦ ያንብብ፤ ያቃተው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ከብዶታልና ይቀይር። ይህን የለመደ ክፍል 7ቱን የመምረጫ ደቂቃ ወደ 3 ያወርደዋል። ሣጥኑ ሲመለስ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በድሬ ምስጥ በአንድ ክረምት መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ከጀርባው ጀምሮ ሊጨርስ ይችላል። መደርደሪያውን ከግድግዳ በክንድ ያህል ማራቅ፣ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ማቆም፣ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ሲታይ ዛሬውኑ መጥረግ ነው።

መምህር

ሣጥኑ ከወጣማ ጥላው ሥር ተገናኘን ማለት ነው። ሰኞ ማክሰኞን ልውሰድ። ሰባት ቤት በጠመኔ ይሠመርና በየቤቱ አንድ አንድ ፊደል ይጻፍ፤ በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ። ልጁ እየዘለለ ይጠራል። እግሩም ፊደሉም ይሠራል።

መምህርት

ይህ ነገር ሲታይ ያምራል፤ ግን ንባብ አይደለም። በተራ ከተጻፈ ልጁ የሚጠራው ዜማውን ነው። «በ ቡ ቢ ባ»ን ዓይኑን ጨፍኖ የሚወርደው ልጅ «ቢ»ን ለብቻዋ ሲያገኛት ከ«በ» ጀምሮ ሲቆጥር አያለሁ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ በላቲን ለሚማሩትና አማርኛን በኋላ ለሚጀምሩት ደግሞ ዜማው ጭራሽ መደበቂያ ይሆናል።

መምህር

እንግዲያው ተራው ይፍረስ። ከሦስት ቤተሰብ ይቀላቀል፦ ሱ፣ ሺ፣ ሳ፣ ሹ፣ ሌ፣ ሲ፣ ሎ። ሰ፣ ሸ እና ለ ልጆች የሚያምታቷቸው ናቸው። ልጁ ጠጠር ይወርውር፤ ጠጠሩ ያረፈበትን ፊደል ጠርቶ በዚያ የሚጀምር ቃል ካልተናገረ አይዘልም። «ሹ» ላይ ካረፈ «ሹካ» ይላል። በ4 ደቂቃ 10 ልጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። ዜማ አይረዳውም፤ ጠጠሩ የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል?

ከዚህ ጋር አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ነው፤ 9 ዓመት ተኩል አካባቢ የሆኑ ልጆች ለ20 ደቂቃ ፈጠን ብለው ከተራመዱ በኋላ ሲፈተኑ፣ ተቀምጠው ከቆዩበት ቀን ይልቅ በንባብ የመረዳት ፈተና የተሻለ ሠርተዋል። ስለዚህ 60ውን ለሁለት እንክፈለው። 30ው ከእኔ ጋር 20 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፣ 30ው ከእርስዎ ጋር ያንብብ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ክፍለ ጊዜው አይወሰድም፣ እርስዎም የሚሰሙት ልጅ በግማሽ ይቀንስልዎታል።

መምህርት

ያ ጥናት 20 ልጆች ላይ ነው፣ መራመጃ ማሽን ላይ፣ ጣራ ሥር፤ የድሬን ግንቦት አያውቀውም። ጠጠሩን ግን ተቀብያለሁ፤ ነገ ልጀምረው የሚገባ ነገር ነው።

መከፈሉንም ልቀበል፣ ግን 20 ደቂቃው 20 አይሆንም። ላብና አቧራ ይዞ የመጣ እጅ መጽሐፍ ሊነካ አይችልም፤ ገጹ ይጣበቃል፣ ጥጉ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ሳሙናና ማድረቂያ ጨርቅ ሣጥኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ መታጠቢያው 4 ደቂቃ ከእርስዎ ጊዜ ይቆረጥ። አንዱ ግማሽ ሁልጊዜ ደክሞት እንዳይመጣብኝ መጀመሪያ የሚያነበው ቡድንም በየሳምንቱ ይቀያየር። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ግን አልስማማም። እነሱ ገና ፊደል እየለዩ ስለሆነ በሙቀቱ ወራት ሁለቱም ክፍለ ጊዜያት ሙሉ በሙሉ የንባብ ይሁኑ።

መምህር

4 ደቂቃውን ቆርጫለሁ። አንደኛና ሁለተኛን ግን አልሰጥም፤ 40 ደቂቃ መቀመጥ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ለ7 ዓመት ልጅ ነው። ለእነሱ 20ውንም ደቂቃ ወደ 10፣ 10 እናሳጥረው፤ ሣጥኑን ከሰኞ ማክሰኞው አጠገብ ያስቀምጡልኝ፣ ጠጠር የወረወረው ልጅ ያረፈበትን ፊደል መጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ ያሳይዎት።