ከዕቃው በፊት ቴክኒሻኑ

ይህ ምላሽ የደብረ ብርሃን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤተ ሙከራ ችግር በዕቃ ግዢ ይፈታል ለሚል ጽሑፍ ነው። ዕቃው ያስፈልጋል፤ ግን ማን ያዘጋጀዋል? በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 60 ተማሪ 6 ማይክሮስኮፕ ቢጋራ አንዱ ለ10 ልጅ ይደርሳል። ዝግጅቱና ጽዳቱ 15 ደቂቃ ከወሰደ ለእያንዳንዱ የሚቀረው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ክፍሉን ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ ያ ደግሞ የመምህሩን ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ስለሚያበዛ ዝግጅቱንና ጽዳቱን የሚሠራ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሳይቀጠር አይሆንም። ቴክኒሻን በሌለበት ኬሚካሉ ሳይመዘገብ ጊዜው ያልፍበታል፤ አሲድና ቤዝም አንድ መደርደሪያ ላይ ይከማቻሉ፣ ይህ አደጋ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ለተማሪዎች ቅዳሜ የሚሰጠው ማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው የሚሄዱት ቅዳሜና እሑድ ነው። ለሁሉም ተብሎ የተዘጋጀው ትምህርት የሚደርሰው ለከተማው ልጅ ብቻ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ማጠናከሪያው በሥራ ቀናት ይሰጥ፤ የጠዋቱ ፈረቃ ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ጠዋት ይማር። ክፍሎቹ በሌላው ፈረቃ ስለሚያዙ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ ሙከራው በተራ ይመደቡ፤ ለመምህራኑም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከወዲሁ በበጀት ይያዝላቸው።