አብሽር

አምባሰል ቅኝት አለው፤ ባቲም አለው። ከሁለቱም በላይ ቀን ከሌት የምናዜማት «አብሽር» ግን እስከ ዛሬ አመስጋኝ ሳታገኝ ኖራለች። ወሎዬ ሆኖ ይህን በደል እያዩ ዝም ማለት ነውር ነው።

አብሽር አይዞህ ናት፤ ግድ የለህም ናት፤ ምን ችግር አለውም ናት። ለቅሶ ቤት ትገባለች፣ ሐኪም ቤት ትገባለች፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ስንቱን ሸክም ታራግፋለች። ዋና ሙያዋን የምታሳየው ግን ወረቀት ላይ ነው፤ ያውም ባል ባሕር ማዶ ተቀምጦ ለሚስቱ ፕሮሰስ ሲጀምር። ሳውዲዎች ይህችኑ ቃል ወስደው ለመንግሥታቸው የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት መጠሪያ አድርገዋታል። በነሱ አብሽር ውስጥ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ)፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛው ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። በኛዋ አብሽር ምንም አይመዘገብም። ቃሉ አንድ፣ ሃይማኖቱ ሁለት።

ከልደት ቀን እንጀምር። አንዲት ልጅ ኩታበር ላይ ጥቅምት 15 ቀን 1988 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ልደት ይበቃት ነበር፤ የአብሽር ልጅ ናትና ይበዛላታል። የመጀመሪያው ጽሕፈት ቤት ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ ኦክቶበር 1996 ብሎ ያወጣታል። ስምንት የሚደመረው የፈረንጁ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ላሉት ወራት ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው። ሁለተኛው ይህን ያውቃል፤ ቀኑን መንካት ግን ድፍረት መስሎት ኦክቶበር 15 ቀን 1995 ይላል። ሦስተኛው ጠንቃቃ ነው፤ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ላይ ይውላል ብሎ በጣቱ ቆጥሮ 25 ላይ ይደርሳል። የ1987 ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደነበራትና የ1988 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደዋለ ማን ያስታውስ? ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 26 ቀን 1995 ነው። እሱ የትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

ይህ ሁሉ በቅን ልቦና የሆነ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ልደት ደግሞ የደላላው ስጦታ ነው፤ ለዓረብ አገር ዕድሜዋ አንሷል ተብሎ ሦስት ዓመት ተመርቆላታል። በዚያ ወረቀት መሠረት ታላቅ እህቷን በስድስት ወር ትበልጣታለች። እናቷ ሲሰሙ ሳቁ፤ ደላላውም ሳቀ፤ «አብሽሪ፣ ማን ያየዋል?» አላት። እውነትም ጂዳ ስትገባ ማንም አላየውም። የሚያየው ከዓመታት በኋላ የስምንተኛ ክፍል ካርዷን፣ የልደት ምስክር ወረቀቷንና ፓስፖርቷን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ሰው ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። ሰይድ በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲሆን ጸሐፊው እንደ ጣመው ነው። ቀበሌው በ«ኢ» እና በ«አይ» ይጽፈዋል፤ ፓስፖርቱ መሐል ላይ «ዋይ» ይጨምርበታል፤ ኢቃማው ከዓረብኛ ተገልብጦ በ«ኤ» ይመጣል። ባልየው አሜሪካ ሆኖ የሚስቱን ማስመጫ ማመልከቻ፣ ቅጽ አይ-130ን፣ ሲሞላ ከጆሮው የሰማውን አራተኛውን ይወልዳል። አንድ ፊደል ምን ያካብዳል? ሰይድን እንደሆነ አገር ያውቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ነው የማያውቀው። (የክርስቲያኗ ሙሽራ አያት አሊ መባላቸው ግን ስሕተት አይደለም። እሱ ወሎ ነው። ማንም እንዲያስተካክለው አንፈቅድም።)

አብሽር ወደ ማዕረጓ የምትወጣው ግን ጋብቻ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናመስግናት። ኒካሑ በ2010 ደሴ ላይ ታሰረ። ሽማግሌው ነበረ፣ በጉ ታረደ፣ መህሩ ተነገረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ ሕጉም ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። በ30 ቀን! ሙሽሪትን ከጫጉላ አውጥቶ ቀበሌ የሚያሰልፍ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? አልተመዘገበም። በ2011 መጀመሪያ ልጅ ተወለደ። በዓመቱ መጨረሻ ሙሽሪት ወደ ጂዳ ልትሄድ ስትል ደላላው «ያላገባች» የሚል ወረቀት ፈለገ፤ ቀበሌው መዝገቡን ገልጦ ባዶ ስላገኘው ጽፎ ሰጠ። ቀበሌው አልዋሸም። በ2012 ባልየው ዲቪ ሞላ፤ ፎርም የሚሞላለት ልጅ «ያላገባ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገለት፤ አንድ ፎቶ ከሁለት ይረክሳል። የዲቪ ደንብ ባልን ወይም ሚስትን፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችንም፣ አብረው የማይሄዱ ቢሆኑ እንኳ አስመዝግቡ ይላል። ዕጣው ወጣለት። በዚያው ዕጣ አብራው መብረር ትችል የነበረችው ሚስት ጂዳ ላይ የሰው ልጅ እያሳደገች ቀረች። ምስጋና ለአብሽር።

በ2016 «እንግዲህ ሚስቴን ልውሰድ» ሲል ጋብቻው እንዲመዘገብ ተወሰነ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጋብቻው የተፈጸመበትንና የተመዘገበበትን ቀን ለየብቻ ይይዛል። በ2010 የታሰረ በ2016 ተመዘገበ ቢባል ዘገየ እንጂ ሐሰት አይሆንም ነበር። ዲቪው ላይ ግን ያላገባ ነው፤ ስለዚህ ሠርጉም 2016 ተፈጸመ ተባለ። ልጁ በወላጆቹ ሠርግ ላይ በአምስት ዓመቱ ሚዜ ሊሆን የቀረው ትንሽ ነው። ለማስረጃነት የሠርግ ጥሪ ካርድ ይያያዝ ያለው አጎት ደግሞ አልተሳሳተም፤ ካርዱ እውነተኛ ነው፤ በወርቅ ቀለም «2010» ይላል። እያንዳንዱ ወረቀት ለየራሱ ቀን የተባረከ ነበር። ቆንስሉ ግን ሁሉንም በአንድ ቁጭታ ያነባቸዋል። የአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሆነ ተብሎ የተሰጠ ሐሰተኛ ቃል የዕድሜ ልክ ክልከላ ሊያስከትል ይችላል የሚለው፣ አብሽርን የሚያህል ጥበብ በአገሩ ስለሌለ ይሆናል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ቆንስላ እንሻገር፤ ጂዳም ይሁን ዱባይ፣ ሎስ አንጀለስም ይሁን። የአብሽር ሰው ከበሩ ይለያል። ቆንስላ የሁለት አገር በዓል የሚያከብር ቤት ነውና እሱ የሚመጣው በመስቀል ቀን ነው፤ የተዘጋውን በር ተደግፎ አገሩን ያማል። በማግስቱ ሲመለስ ፓስፖርቱን ይዟል፤ ኮፒውን አልያዘም። ውክልና ሊሰጥ ነው። «የተወካይ ሙሉ ስም እስከ አያት?» ሲባል «አቡሽ» ይላል። ደሴ ሌሊት ይደወላል፤ አቡሽ ራሱ የአያቱን ስም ለማጣራት እናቱን ይቀሰቅሳል። «ለምን ጉዳይ?» ሲባል ደግሞ «ለማንኛውም ጉዳይ!» የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ቤት መሸጥን የመሰለው ነገር በልዩ ውክልና በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ ይላል። ቢሆንም «ማንኛውም» የሚለው ቃል ሲነበብ ያምራል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ በቆንስሉ ፊት ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፋል፣ ዋናው ወረቀት አገር ቤት ይላካል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘግበዋል። አቡሽ ይህን ሁሉ አሳጥሮታል። በቴሌግራም የደረሰውን ፎቶ ፒያሳ ላይ በቀለም አሳትሞ ይዞ ይሄዳል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋናውን ሊያመጣ ሲመለስም ያው 400 ነው።

አቡሽ የማይወከልበት ነገር የለም፤ ሙሽራም ይሆናል። ባል በቪዲዮ ስልክ፣ አቡሽ በወኪልነት፣ ኒካሑ ይታሰራል፤ በሃይማኖቱ በኩል ነውር የለበትም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሁለቱ በአካል ያልተገናኙበትን ሥርዓት፣ ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ተገናኝተው በአንድ አልጋ ካላደሩ በስተቀር፣ ጋብቻ አይለውም። ካናዳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስልክም በወኪልም የተፈጸመን ጋብቻ ለስፖንሰርነት አትቀበልም። መፍትሔው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ መምጣትና የመግቢያ ማኅተሙን፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን፣ የሆቴል ደረሰኙን ማስቀመጥ ነበር። የመሳፈሪያ ወረቀቱን ቦሌ ላይ ጥሎታል። ጀርመን ያለው ባል ደግሞ ሚስቱን «ቋንቋውን እዚህ ስትመጪ ትለምጂዋለሽ» ብሏታል፤ ኤ1 የሚባለው የጀማሪዎች የጀርመንኛ ፈተና ግን ከመምጣቷ በፊት ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ አምስት ዓመት ሙሉ ልኳል፤ ይህን የሚክድ ሐራም ይብላ። የላከው ግን በሱቅ ነው፤ እዚያ ለአንድ ነጋዴ ይሰጣል፣ እዚህ ሰኞ ገበያ ሌላ ነጋዴ ይቆጥራል፣ ምንዛሪውም ደህና ነው። ደረሰኝ የለም። በባንክ የላከ ጊዜም የተቀባዩ ስም የሚስቱ ሳይሆን የአጎቷ ነው፤ «ያው አንድ ቤት አይደለን?» ትዳሩ የእውነት መሆኑን አሳዩ ሲባል ታዲያ ያለው ማስረጃ ስልክ ውስጥ ያለ 600 ፎቶ ነው፤ 580ው የምግብ ነው።

እዚያ ማዶም አብሽር አልተኛችም። ባልየው ታክሲ ይነዳል፤ ግብር ሲያስታውቅ ገቢውን ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ብልህ ነዋ። የድጋፍ ቃል ኪዳኑ ቅጽ አይ-864 ግን የግብር ወረቀት ይጠይቃል፤ ገቢው ለቤተሰቡ ብዛት ከተቀመጠው የድህነት መስመር 125 በመቶ መድረስ አለበት። ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ ብዕሩ ድሃ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ባንድ ቀን ሀብታም መሆን አልቻለም። ስለዚህ የአገሩን ልጅ ተባባሪ ስፖንሰር እንዲሆንለት ይለምናል፤ «አብሽር ወንድም ዓለም፣ ፊርማ ብቻ ናት!» እውነትም ፊርማ ብቻ ናት። የምትቆየው ሴትየዋ ዜጋ እስክትሆን፣ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመታት እስኪቆጠሩላት ነው፤ ይኸውም ወደ 10 ዓመት ገደማ። ባልና ሚስቱ ቢፋቱ እንኳ ፊርማዋ አትፋታም።

የፖሊስ ወረቀት? 16 ዓመት ከሞላት በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖረችበት ሌላ አገር ሁሉ ይጠየቃል። ጂዳ እያለች፣ ኢቃማዋ ሕያው ሳለ፣ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ጓደኞቿ «አገርሽ እየገባሽ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ፎቶውስ? አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር፣ በስድስት ወር ውስጥ የተነሣ፣ መነጽር የሌለበት። ሒጃብ አይከለከልም፣ ፊት ሙሉ ለሙሉ ከታየ። ፎቶ ቤቱ ግን ለሙያው ሲል ጉንጯን አለስልሶ፣ ማዲያቷን አጥፍቶ፣ ቆዳዋን አፍክቶ ሌላ ሴት ሰጥቷታል። ቆንጆ ሆናለች፤ መመሳሰል ነው የቀራት።

አብሽር ያልገባቸው ጥቂት ጨነቃሞችም አሉ፤ አይቀናባቸው። እነዚህ ሰዎች ፓስፖርት ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ደብተር ላይ ጽፈው ለየጽሕፈት ቤቱ ያሳያሉ። ቀን የሚለውጡት ጳጉሜዋን ቆጥረው ነው። የተሳሳተ ልደት ሲያገኙ በጊዜው አስተካክለው፣ የድሮውን ወረቀት ከአዲሱ ጋር አያይዘው፣ ለምን እንደተለያየ ከመጠየቃቸው በፊት ይጽፋሉ። የዘገየ ጋብቻ ዘገየ ይላሉ። ደረሰኝ በየዓመቱ በላስቲክ ያስራሉ። ቡና ላይ እንደማይጫወቱ የታወቀ ነው።

የቀረው ቃለ መጠይቁ ነው። ጉዳይ ገዳዩ መልሱን በሁለት ገጽ አስጠንቷታል፤ ባሏ የሚወደው ወጥ፣ የሚተኛበት ጎን፣ የታክሲው ቀለም። የሌሊት ፈረቃ እየነዳ መሆኑን ግን አልነገራትም፤ ባሏም አልነገራትም፤ እንዳትጨነቅ ብሎ። አዲስ አበባ አጎቷ ቤት አድራለች። ፋይሉ በቢጫ ፌስታል ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ንጋት ላይ ተነሥታ፣ ሰግዳ፣ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። አጎቷ የቀጠሮውን ወረቀት ወደ መብራቱ አስጠግተው በመነጽራቸው ዝቅ ብለው ያነባሉ፤ «7:30» ይላል።

«ሰባት ሰዓት ተኩል እኮ ነው የሚለው፣ ከምሳ በኋላ ነው» አሏት። «አብሽሪ ልጄ፣ ተቀመጪ፣ ቁርስ ብዪ።»