ሦስት መስመር ብቻ ናት አሉኝ

ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ነገሩ ግጥም ነው። ሰው በግጥም እንዲህ ይናደዳል ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት የምታስረክቡት ሲጆ የለባችሁም ማለት ነው።

ሲጆ የኮሪያ የድሮ አጭር ግጥም ነው። ሦስት መስመር። አለቀ። እዚህ ሴኡል ቋንቋ እየተማርኩ ነው። መምህራችን «አንድ ሲጆ ጽፋችሁ ኑ» ሲሉን በሆዴ ሳቅኩ። በየሰርጉ ስንኝ ስደረድር ያደግኩ ሰው ሦስት መስመር ሊያቅተኝ? አውቶቡስ ውስጥ እጨርሳታለሁ አልኩ። ይኸው ስድስተኛ ቀኔ።

ሕጉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መስመር አራት ቁራጭ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች 3፣ 4፣ 3፣ 4 ቀለም ይይዛሉ፤ «ቡ-ና» ሲባል ሁለት ቀለም ነው። የመጨረሻው 3፣ 5፣ 4፣ 3። አንዳንዱ ቁራጭ ከፍ ዝቅ ይላልና ሲደመር 45 ገደማ ይመጣል። እኔን ያበገነችኝ ይህች «ገደማ» ናት። ለማን ነው ገደማ? ለእኔ አይደለም!

የመጀመሪያው መስመሬ ሁለተኛ ቁራጭ አምስት ቀለም ሆነ። መምህራችን በቀይ ከበቡት። በዚያው ቀን የህዋንግ ጂኒን ግጥም አነበብን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች ኪሴንግ ናት፤ ኪሴንግ ማለት ለመኳንንት የምትዘፍን፣ የምትገጥም ሴት ነች። ረጅሙን የክረምት ሌሊት ወገቡ ላይ ቆርጣ፣ ጠቅልላ ብርድ ልብስ ስር ታስቀምጠዋለች። የምትወደው የመጣ ዕለት ማታ ልትዘረጋው። እንዴት ያለ ነገር ነው! ግን እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ሁለተኛ ቁራጭ፣ ጊ-ና-ጊን-ባም-ኡል። አምስት! እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። መምህራችን ፈገግ ብለው «እሷ ሕጉን አውቃ ነው የጣሰችው» አሉኝ። እኔስ? ሳላውቅ ስለጣስኩ ነው ቀይ?

የእናቴ ጉዳይ ደግሞ አለ። ስለ እናቴ ልጻፍ አልኩ። ኦ-ሞ-ኒ፣ ሦስት ቀለም፣ ልክክ አለች። በአክብሮት ልጥራት ስል «ኦሞኒኬሶ» ሆነች፣ አምስት። እናቴን ካከበርኳት ቤቱ ይፈርሳል፣ ቤቱን ካቆምኩት እናቴ ትዋረዳለች። አንድ ሌሊት ሙሉ በዚህ አደርኩ። ለእሷ አልነገርኳትም።

እሺ፣ በአማርኛ ልሞክረው አልኩ። ባሰ! በኮሪያኛ አንድ የፊደል ሳጥን አንድ ቀለም ነው፣ ዓይን ይቆጥረዋል። የእኛ ሳድስ ግን አንዴ ድምፅ ይኖረዋል፣ አንዴ ይዋጣል። «ክረምት» አራት ፊደል ነው፣ ሲነገር ሁለት ቀለም። «ናፍቆት»ም እንዲሁ። «ልብ» ሁለት ፊደል፣ አንድ ቀለም። በዓይኔ ስቆጥር ሞልቷል፣ በአፌ ስለው ጎድሏል። ተውኩት።

«እንደ ጃፓኑ ሃይኩ ነው አይደል?» የሚሉኝ ሰዎችም አሉ። አይደለም። ሃይኩ 17 ቀለም ነው። እባካችሁ።

ዋናው ጠላቴ ግን ሦስተኛው መስመር ነው። የመጀመሪያው ነገሩን ያነሳል፣ ሁለተኛው ያሰፋዋል፣ ሦስተኛው ድንገት ወደ ሌላ ያጥፈዋል። የሚታጠፈው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀለማት ነው። ሌላው ቁጥር ሲላላ እነዚህ ንቅንቅ የሉም። ጆንግ ሞንግጁ የሚባሉ የጎርዮ ሥርወ መንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። ሥርወ መንግሥቱን ሊገለብጡ ከተነሱት አንዱ፣ ዪ ባንግወን የሚባለው ሰው፣ ወደ እኛ ጎን ና ብሎ በሲጆ ሲጋብዛቸው፣ መቶ ጊዜ ብሞት ልቤ አይከዳም ብለው በሲጆ መለሱለት ይባላል። በ1392 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። የሦስተኛ መስመራቸውን ቁራጮች ቆጠርኳቸው፤ 3፣ 6፣ 4፣ 3። ሞት ደጃቸው ቆሞ እንኳ ሦስቷን አልነኳትም። እኔ ቡና ይዤ ተደላድዬ ተቀምጬ ያቅተኛል።

መውጫ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። «አይጎ!» ኮሪያኖች ሲደነግጡም፣ ሲደክማቸውም፣ ሲያዝኑም የሚሏት ናት፣ እንደ እኛ «ወይኔ»። አ-ይ-ጎ፣ በእነሱ አቆጣጠር ልክ ሦስት። የድሮዎቹም እዚያ ቦታ ላይ «ልጄ ሆይ!» የምትመስል ጥሪ ይወዱ ነበር፣ ታዲያ የእኔ ምን ነውር አለው? አንዱን ረቂቅ በአይጎ አጠፍኩት። ሁለተኛውንም። አራተኛው ላይ የዶርም ጓደኛዬ አንብባ «እናትሽ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

እሷ ናት የመጨረሻውንም ጉድ የነገረችኝ። ሲጆ ድሮ የሚዘፈን ነበር፣ አሁንም የሚዘፍኑት አሉ፣ በጣም በዝግታ። «ሲጆቻንግ» በሚሉት አዘፋፈን ታዲያ የመጨረሻዋን ሦስት ቀለም ቁራጭ አይሏትም። ዝም። ይተዋታል! ሁለት ቀን የፈጀሁባትን ቁራጭ!

አሁን ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። ሁለት መስመር አለኝ። ሦስተኛው ላይ «አይጎ» ብዬ ጽፌ ቁጭ ብያለሁ። የመጨረሻዋን ቁራጭ እንደሆነ ባዶ ልተዋት ነው። መምህራችን ከጠየቁኝ፣ የሚዘፈን ነው እላቸዋለሁ።