አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ

ወሎዬ ምስጋና አይነፍግም። እኔም በየአእምሮ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ የምትነገረውን «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» የምትል ብልህ ትእዛዝ ሳላወድስ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

እናት ከኩታበር በጎህ ተነሥታ፣ ልጇን ጋቢ አልብሳ ደሴ ትገባለች። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ከማን ጋር ብቻውን እንደሚያወራ፣ መቼ እህል እንደተወ በቃሏ ይዛለች። ብልሁ ሐኪም ግን በእንዲህ ያለ ወሬ ጆሮውን አያቆሽሽም። አስወጥቷት ልጁን ይጠይቃል። «እንቅልፍ?» «ደህና።» «ምግብ?» «ደህና።» «ድምፅ ይሰማሃል?» «አይ።» ካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ የፈጠነ ፈውስ ግሸን ወጥተው የተሳሉትም አላገኙ!

ለምን ትውጣ ቢባል፣ የታማሚ ምስጢር አለ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ይከፈትና «የሃሎፔሪዶሉ ልጅ እናት የታለች?» የሚል፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን በስሙ የጠራ ድምፅ ኮሪደሩን ይሞላዋል። ምስጢር የሚጠበቀው ከእናት ነው እንጂ ከኮሪደር አይደለም። አስታማሚን መስማት ብቻውን የማንንም ምስጢር አያወጣም የሚሉ ነገረኞች አሉ፤ አትስሟቸው።

ከሰነበተ በኋላ ልጁ መቀመጥ ያቅተዋል። ቤቱን ሲዞር ያድራል፣ እግሩ አያርፍም። ሃሎፔሪዶል አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያንቆራጥጠዋል፤ ሕክምናው አካቲዥያ ይለዋል፤ መጠኑ ሲቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ግን መንቆራጠጡ የመጣው ከክኒኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መልሱ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሐኪማችን በዓይኑ አይቶ «በሽታው ብሶበታል» ይላል፤ መጠኑ ይጨመራል።

እናትዬው ፈጽሞ አትፈለግም ማለት ግን ሐሜት ነው። መርፌ ሲወጋ እጁን ትይዛለች። ትፈርማለች። መድኃኒቱ «እኛ ጋ የለም» ሲባል ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ፋርማሲ ለፋርማሲ ትዞራለች፣ ትከፍላለች። ቅንጅት ማለት ይኸው አይደል?

ቤተሰብን ስለ ሕመሙ ማስተማርና ማሳተፍ የስኪዞፍሬኒያን (የከባዱን የአእምሮ ሕመም) ማገርሸት እንደሚቀንስ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እሱማ በሥልጠና ላይ ይነገራል፤ ከሻይ ዕረፍት በፊት። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ አንድ ነው መባሉም እውነት ነው። ባገረሸበት ቁጥር ተመልሶ ወረፋውን የሚያረዝመው ያው ልጅ መሆኑ ግን አይነሣም።

እኛ ቤተሰቦችስ ብንሆን መች እናንሳለን! ሐኪም ፊት ጠበል አይነሣም፤ ጠበል ቦታ ክኒን አይነሣም። ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ ካስደረግንለት በኋላማ ክኒኑ ሣጥን ገብቶ ይቆለፍበታል። ሐኪሙ አይጠይቅም፣ እኛም እንዳይቆጣን አንናገርም። ልጁ ሲያገረሽበት «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባልና ሌላ፣ ከበድ ያለ ይታዘዝለታል። ያልተዋጠው ክኒን ሣጥን ውስጥ ሆኖ መታማቱን አይሰማም።

ባለፈው አንዲት እናት ቀጠሮ ካርዷን ተቀብላ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ዶክተር፣ ጌታው፣ ክኒኑን እኮ ምላሱ ሥር ደብቆ…»

«አብሽሩ እናቴ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይነግሩናል። ተረኛ!»